ጠገራውን በሎሚ ከማጠብህ በፊት፦ ሳንቲም መሰብሰብ ስለመጀመር ከባሕር ዳር የተነሳ ጥያቄና ሃያ አራት መልሶች

ጠያቂው የባሕር ዳር ነዋሪ ነው፤ ሳንቲም መሰብሰብ ሊጀምር አስቧል። በእጁ ያለው አንድ ጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት)፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ስሙኒና ሽልንግ (ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲም)፣ ጥቂት የጃንሆይ ዘመን የመዳብ ሳንቲም ነው። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ቀጥሎ ምን ይግዛ? ጠገራው ጠቁሯልና በሎሚና በአመድ አሽቶ ቢያነጣው ዋጋው ከፍ ይላል ወይ? ላዩ ላይ 1780 ስለሚል ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ብሎ ይመን? በመጨረሻም እግረ መንገዱን፣ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ጠርዙ ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ እንዳለች ጠቀሰ። ለጉብታዋ መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አላላትም።

መልስ 1 ሰላምታ አቅርቦ፣ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ፣ አትጠበው በሚል አንድ ቃል አበቃ። ምክንያቱን ያብራራው መልስ 2 ነው። ጠገራ ንጹሕ ብር አይደለም፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። የሎሚው አሲድ መዳቡን ከላይኛው ገጽ እየመረጠ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ደብዛዛ ንጣት የብሩ መልክ ሳይሆን የተበላ ገጽ ነው። አመድና አሸዋ ደግሞ ቀጫጭን ጭረት ይተዋሉ። ሳንቲሙን መስኮት ዳር ይዘው ዘንበል ሲያደርጉት ጭረቶቹ ባንድ አቅጣጫ ይብለጨለጫሉ፤ ይህን ያየ ሰብሳቢ ዋጋ ይቀንሳል፤ መመለሻም የለውም። ጥቁረቱ ብሩ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ስስ ልባስ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ጭቃ ወይም አቧራ ካለበት በተጣራ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን መዘፍዘፍ፣ ውሃውን አንዴ መለወጥ፣ ከዚያ ሳያሹ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ ይበቃል። ቅባት ወይም የሚያጣብቅ ነገር ካለበት ንጹሕ አሴቶን በመስታወት ሳህን፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከከሰልና ከምድጃ ርቆ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይሆንም፤ ሽቶና ዘይት ስላለው ሌላ ልባስ ይጨምርበታል።

መልስ 3 የተጣራ ውሃ ከየት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። መልስ 4 የመኪና ባትሪ ዕቃ ከሚሸጡት ግዛ አለው። መልስ 5 ወዲያው አረመው፤ ለባትሪ የሚሸጠው ፈሳሽ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ውሃ፣ ሌላው ሰልፈሪክ አሲድ። ጽሑፉ የተላጠ ጠርሙስ አይገዛም፤ ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ጠብታ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ማንጠባጠብ ነው። አረፋ ካወጣ አሲድ ነው።

ከክሩ፣ ማለትም ከዚህ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ ሁሉ የሚጠቅመው፣ በእኔ ግምት፣ መልስ 6 ነው። ስለ 1780 ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ጉዳዩን ወደ አገራችን ሳንቲሞች ሁሉ አሰፋው። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ ግን መልኩ የተለወጠ ብር አልቀበልም ስላለ፣ ማተሚያ ቤቶች ያንኑ ቀን እንደያዘ መምታቱን ቀጠሉ። ቪዬና መታችው፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትሰናዳ መምቻውን ወስዳ በአውሮፓው 1935 ሮም ላይ አስመታች፤ ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይ ተከተሉ። ሁሉም ላይ 1780 ነው ያለው። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜ አይናገርም። መልስ 6 እዚህ ላይ አላቆመም፤ የጃንሆይ የመዳብ ሳንቲሞችም ፲፱፻፴፮ (1936) የሚለውን ቀን ሳይለውጡ ለብዙ ዓመት ተመትተዋል፤ የደርግ ዘመን ስሙኒና ሽልንግ ላይ ያለው ፲፱፻፷፱ (1969)ም እንዲሁ። ጠያቂው ቤት ያሉት ሦስቱም ዓይነቶች ቀናቸው የቆመ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሳንቲም የት እንደተመታና መቼ እንደሆነ የሚያሳብቀው ክብደቱ፣ ጠርዙ፣ የብረቱ ዓይነት፣ የአንበሳው ጢምና የንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ዕንቁዎች ናቸው። ሎሚና አመድ ቀድመው የሚያጠፉት ደግሞ እነዚህኑ ደቃቅ ነገሮች ነው። አትጠበው የሚለው ምክር ከዋጋም በላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 7 ክሩን አጋለው። እውነተኛ ብር አይጠቁርም፣ የጠቆረው ጠገራ ቅልቅል ወይም ውሸት ነው ብሎ ደመደመ። መልስ 8 ባጭሩና ቆጣ ብሎ መለሰለት፤ ብር ይጠቁራል፣ የአንገት መስቀል ያላት እናት ሁሉ ታውቀዋለች፣ ሳያውቁ ጀማሪን ማስደንገጥ ነውር ነው። መልስ 9 ሁለቱንም አብርዶ ለክርክሩ መፍቻ የሚሆነውን ሚዛን አመጣ። አካሄዱን እንዳለ ማስቀመጥ ይገባል።

የሚያስፈልገው 0.01 ግራም የሚያነብና እስከ 500 ግራም የሚሸከም ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ነው፤ የወርቅ ቤቶቹ ዓይነት። አዲስ የተመታ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ብዙ እጅ የዳሰሰው ግማሽ ግራም ያህል ሊጎድለው ይችላል። ክብደቱ ከተመዘገበ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሳንቲሙ በቀጭን ክር ታስሮ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሰጥማል፤ የብርጭቆውን ወለልም ግድግዳም እንዳይነካ፣ አረፋ እንዳይጣበቅበት። ያን ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የሳንቲሙ ይዘት በሚሊሊትር ነው። ለጠገራ 2.75 አካባቢ መሆን አለበት፤ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፣ ይኸውም እፍግታው (አንዱ ሚሊሊትር ስንት ግራም እንደሚመዝን) ነው። ያው ክብደት ያለው ነገር ከነሐስ ከሆነ 3.3፣ ከመዳብና ኒኬል ቅልቅል ከሆነ 3.15 ያህል ያሳያል፤ እርሳስ ከሆነ ከ2.5 በታች ይወርዳል። በዚህ ላይ ጠርዙ ይታያል። ትክክለኛው ጠገራ ጠርዙ ላይ ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው፣ የሚሉ የላቲን ፊደሎችና በመካከላቸው ጌጥ አሉት። በቅርጽ የፈሰሰ ውሸት ግን ጠርዙን ዙሪያውን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር፣ ሜዳው ላይ የአየር ቀዳዳዎች፣ እንደ ሳሙና የሟሙ ፊደሎች ይታዩበታል። ከአንገቷ ሥር ያሉት ኤስና ኤፍ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች፣ ከ1780 ቀጥሎ ያለችው ገደድ ያለች መስቀልም ጥርት ብለው ሊነበቡ ይገባል።

መልስ 10 ይህ ሁሉ ለምን፣ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን መስማት አይበቃም ወይ አለ። መልስ 11 ጠርዙን ስለሚጎዳ ተቃወመ፤ ድምፁን መስማት ለሚፈልግ ሳንቲሙን በጣት ጫፍ ላይ አመዛዝኖ በእርሳስ እንጨት መታ ማድረግ ይበቃል፤ ብር ረዘም ላለ ጊዜ ይዘምራል። ግን ድምፅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ የተሰነጠቀ እውነተኛ ብርም ድምፁ የታፈነ ነው ብሎ አሳሰበ። እዚህ ላይ መልስ 7ን የጻፈው ሰው ተመልሶ የጠቆረን ብር የሚመለከተውን አስተያየቱን አነሳ፣ ይቅርታም ጠየቀ፤ ይህ መልስ 12 ሆኖ ተቆጥሯል።

ቀጥሎ ምን ልግዛ ለሚለው መልስ 13 ምንም አትግዛ አለ፤ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ክፈት። ሚዛን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ማግኔትና ደብተር ከማንኛውም ብር ይቀድማሉ። ስሙኒዎቹና ሽልንጎቹ በማግኔት ይለያሉ፤ የቀድሞዎቹ የመዳብና ኒኬል ቅልቅል ስለሆኑ ማግኔት አይነካቸውም፣ በኋላ የመጡት ግን ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው የተለበጠ ነውና ዘለው ይጣበቃሉ። የአምስትና የአሥር ሳንቲሙም ነገር እንዲሁ ነው፤ ነሐሱ አይሳብም፣ የተለበጠው ይሳባል። ቀጥሎ ፲፱፻፷፱ የሚሉት ብቻቸውን ይደረደሩና የአንበሳው ራስ በማጉያ ይታያል። ባንዱ ዓይነት ራሱ አነስ ብሎ የአገጩ ጢም እኩል ነው፤ በሌላው ራሱ ተለቅ ብሎ በግራ በኩል ሁለት ረጃጅም ጢሞች ወርደዋል። እነዚህ የተለያዩ መምቻዎች ሥራ ናቸው። ከአንድ ቆርቆሮ ሳንቲም፣ ምንም ሳይወጣበት፣ አሥር አሥራ አምስት ልዩነት መልቀም ይቻላል።

መልስ 14 በዚህ ተስማምቶ የግዕዙን ቁጥር አነባበብ ጨመረ፤ ፲፱፻ አሥራ ዘጠኝ መቶ፣ ፷፱ ስድሳ ዘጠኝ። የአገራችን አቆጣጠር መሆኑን ያልተረዱ የውጭ ሻጮች 1969ን በአውሮፓው አድርገው ስለሚጽፉ፣ ቁጥሩን ያልተረዳ ገዢ ሳንቲሙን በጃንሆይ ዘመን የተመታ ያደርገዋል። በፈረንጅ 1976 እና 1977 መሆኑን ለማግኘት ሰባት ወይም ስምንት መደመር ነው። ባለ ሁለት ብረቱ የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ያለው ፳፻፪ም እንዲሁ 2010 አካባቢ ይሆናል።

የጃንሆይን ስሙኒ ያነሳው መልስ 15 ነው፤ ብዙ ሊባልበት የሚገባ ነገር ነው። የ1936ቱ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ የወጣው ከመዳብ፣ ጠርዙም ክብ ሆኖ ነበር። ሃምሳ ሳንቲሙ ደግሞ የብር ሲሆን መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። አጭበርባሪ ስሙኒውን በብር እየለበጠ እንደ ሽልንግ አሳለፈው። በዚህ ምክንያት ስሙኒው ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተሸንሽኖ እንደገና ተመታ፤ የላዩ ቀን ግን አሁንም ፲፱፻፴፮ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ከመዳቦቹ መካከል ክብ ጠርዝ ያለው ስሙኒ ቢያገኝ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ላዩ ላይ የተላጠ የብር ልባስ ካለም ፈጽሞ አይፋቀው፣ የዚያ ዘመን የማጭበርበር ሥራ ምስክር ሊሆን ይችላልና። ሽልንጉም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ከሺህ 800 እጅና ከሺህ 700 እጅ ብር የሆነ።

መልስ 16 የምኒልክን ብሮች ማሳደድ ከሁሉ ይሻላል ባይ ነው። ፓሪስ የተመቱት የ፲፰፻፹፯ (1887) እና የ፲፰፻፹፱ (1889) ብር፣ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ፣ ተሙን (የብር ስምንተኛ) እና ግርሽ (የብር ሃያኛ)፤ ብሩ 28.075፣ አላዱ 14.04፣ ሩቡ 7.02፣ ግርሹ 1.40 ግራም፣ ሁሉም ከሺህ 835 እጅ ብር። በጀርባው ያለው አንበሳ ግራ እግሩን ወይም ቀኝ እግሩን ያነሳ መሆኑ ዋጋ ይለያል። ገበያው ግን ጠገራን ሙጥኝ ስላለ የምኒልክ ብር ጠገራን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም፤ ጠገራ መገበያያ ሆኖ የቆየው ቢያንስ እስከ 1937ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የገንዘብ ለውጥ ነው። መልስ 17 በጨዋነት አስቆመው፤ የምኒልክን ብር ያለ ሚዛንና ያለ ልምድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፣ ውሸቱ የበዛ ነው፤ ካስፈለገ በግርሽ ይጀምር፣ ብዙ ስለተመታ ለመግዛት ቀላል ነው፣ ቢሳሳትም ጉዳቱ ቀላል ነው። ዋጋ ላይ የሰጠው መለኪያ ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ጠገራ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ፤ ያን በዕለቱ የብር ግራም ዋጋ ማባዛት የታችኛውን ዋጋ ይሰጣል። ተራ ጠገራ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ 1780 ስለሚል ብቻ እጥፉን የሚጠይቅ ሻጭ ዘንድ አለመቆየት ነው።

መልስ 18 ክሩን ወደማይገባ ቦታ ወሰደው። ከሐይቁ ማዶ የመጣ የአክሱም ዘመን የነሐስ ሳንቲም አለ፣ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ አለ፤ ከገዳም የወጣ ነው ብሎም ለማሳመን ጨመረ። መልስ 19 በቁጣ ተነሳበት። ከገዳም የወጣ ማለት ማሻሻጫ ሳይሆን የወንጀል ኑዛዜ ነው፤ የክብራን ገብርኤልም ሆነ የዳጋ እስጢፋኖስ ዕቃ ቤት ገበያ አይደለም፣ ምእመን ስለት አድርጎ የሰጠው ሳንቲም የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው አለው። መልስ 20 ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሕጉን አስቀመጠ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት፤ ባለይዞታ ማስመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም አይቻልም። በእርሻ የወጣ የአክሱም ሳንቲም የሚጠቅመው የተገኘበት ቦታ፣ ጥልቀቱና አብሮት የነበረው ሸክላ ሲታወቅ ነው። የኢዛና ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ የነበረው ምልክት በመስቀል መተካቱ ለታሪካችን ማስረጃ የሆነው ሳንቲሞቹ ተጠብቀው ስለተጠኑ ነው፤ ኪስ ለኪስ የሚዞር ሳንቲም ያን ሁሉ ያጣል። ለጀማሪ ደንቡ አጭር ነው፤ የአክሱም ሳንቲም ሙዚየም ሄዶ ማየት እንጂ አለመግዛት። በዚህ ላይ ለቱሪስት ተብለው የተሠሩ የአክሱም መሰል ቁርጥራጮች እንዳሉም አስታወሰ። የመልስ 18 ጸሐፊ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

መልስ 21 አቅጣጫውን ለወጠ። ሐይቅ ዳር ላለ ሰብሳቢ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጣና ዙሪያ መዳብና ነሐስ ባልታሰበ ፍጥነት ይዝጋሉ። ሳንቲም በላስቲክ አይታሰርም፣ ላስቲክ ውስጥ ድኝ አለ። በቆዳ ከረጢትና ባልተቀባ እንጨት ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም፣ ሁለቱም አሲድ ይተነፍሳሉ። የሚታጠፉት ለስላሳ የፕላስቲክ ኪሶች ፒቪሲ ከሆኑ ከዓመታት በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያወጣሉ፤ እሱ ከያዘው አሴቶን ያወርደዋል፣ የተበላውን ግን አይመልሰውም። የሚሻለው መስኮት ያለው የካርቶን መያዣ ነው፤ የስቴፕለር ሽቦው ጫፍ በጉጠት ካልተጋደመ አጠገቡ ያለውን ሳንቲም ይቧጥጣል። መያዣዎቹ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን እርጥበት ከሚመጥ ከሁለት ሦስት ከረጢት ሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጣሉ፤ ከማድ ቤትና ከዕጣን ጭስ ርቀው። ከአንድ ክረምት በኋላ ሲሊካው ስለሚጠግብ መድረቅ አለበት። በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ከነከረጢቱ ማድረቅ ግን ስህተት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ያልፋል፣ ከረጢቱ ይቀልጣል፣ ፍሬውም ይበላሻል። ፍሬውን አውጥቶ በብረት ትሪ፣ በ120 ዲግሪ ምድጃ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት። መዳብ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር ካዩ ያን ሳንቲም ከሌሎቹ ቶሎ መለየት ነው፤ ክሎራይድ የሚያመጣው በሽታ ነውና ውስጥ ውስጡን ይበላል።

መልስ 22 ስለ አሞሌ ጨው ጀመረ፤ ጣና አጠገብ ያለው የይፋግ ገበያ በአሞሌ የሚገበያይበት ዘመን ነበርና አሞሌም የገንዘብ ስብስብ ውስጥ መግባት አለበት አለ። አሞሌን ሐይቅ ዳር ማቆየት እንዴት እንደሚቻል ግን አልነገረንም፤ ይህ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

ጠያቂው በመልስ 23 ተመልሶ መጣ። ሎሚውን ትቷል። ሚዛን ተውሶ ጠገራውን ሲመዝነው 28.31 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 2.78። ሲካፈል 10.18 ስለሚሆን ብር ለመሆኑ ይስማማል፤ ክብደቱ ግን ከሚገባው በላይ ሆኖበት ግራ ተጋብቷል፣ ያለቀ ሳንቲም እንዴት ይከብዳል ብሎ። መዳቦቹን ሲለይም አንድ ክብ ጠርዝ ያለው ስሙኒ አግኝቷል። ጉብታዋን አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ላስሞርዳት ወይ ሲልም ጠየቀ።

መልስ 24ን የጻፈው ያው የመልስ 9 ሰው ነው፤ ጉብታዋን አሁን አያት። ጠገራው በአንድ ወቅት የአንገት ጌጥ ነበር፤ አንጥረኛ ከራሷ በላይ ማንጠልጠያ ቀለበት በብር በይዶበታል፣ ቀለበቱ ወልቆ ብየዳው ቀርቷል። የተረፈው ክብደት የብየዳው ነው፤ ብየዳውም በብር ስለሆነ የውሃው ልኬት አልተዛባም። ማስሞረድ አያስፈልግም፤ ሞረዱ ጉብታዋን ሲበላ ከሥሯ ያለውን የጠርዝ ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል፣ ማንጠልጠያ የነበረው መሆኑም አይደበቅም። ደብተሩ ላይ ክብደቱ፣ የውሃው ልኬት፣ የብየዳው ቦታ፣ ከማን በስንት እንደተገኘ ይጻፍ፤ ዋጋውም በብሩ ግራም ይታሰብ። ከዚያ አንድ ሥራ ሰጠው፤ ጠርዙን በማጉያ እየዞረ ከጉብታዋ ወደ ቀኝ ያለውን ፊደል አንድ ባንድ እንዲጽፍና ብየዳው የሸፈነው ፊደል ይሁን ጌጥ እንዲለይ። ጠያቂው የራሱን መልስ 23 አርሞ ከሥሩ ጻፈበት፤ አሥራ ዘጠኙም ፊደሎች ይነበባሉ፣ የተሸፈነው በሁለት ቃላት መካከል ያለው ጌጥ ነው።